ኮሰረቱን ምን ነካው፦ አምስት ቀን በሐይቅና በአምባሰል

አውቶቡስ ላይ እንቅልፍ አይምረኝም። ሚስቴ «አንተ አገር ያየኸው ዓይንህን ጨፍነህ ነው» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለውን መንገድ ከእኔ የሚጠብቅ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ጣርማበር ላይ ጉም ነበር። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ዓይኔን ከደንኩ፤ ስገልጠው ሸዋ ሮቢት ደርሰን ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ማንጎ ይገዛል። ሙቀቱ ሌላ፣ ሰዉ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ። ያን ያህል አገር ማን እንዳሻገረኝ እንጃ።

ሥራዬ የምግብ ናሙና መሰብሰብ ነው። በርበሬ ውስጥ ሸክላ የሚፈጭ፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚደባልቅ አይቻለሁ፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር መጣላት ለምጄዋለሁ። በዚህኛው ጉዞ ግን የተላክሁት አንዲት እሽግ ኮሰረት ይዤ ነው። ኮሰረት ቅቤ ሲነጠር የሚገባው ቅጠል ነው፤ ኮተቤ ያለው የእኛ ቤት ቅቤም የሚሸተው በእሱ ነው። እሽጉ ከአዲስ አበባ ሱቅ ተገዝቶ ሲመረመር ነፍሳት የሚገድል መድኃኒት ተገኘበት። ላዩ ላይ «ሰአዳ፣ ሐይቅ» የሚል ስምና ስልክ አለ። ሴትዮዋ ቋሚ ፈቃድ ጠይቃ እየጠበቀች ነበር።

አለቃዬ «መድኃኒቱ ከየት እንደመጣ አጣርተህ ና» አለኝ። «ካልታወቀና ካልታረመ ፈቃዱ ይቀራል፤ የተሸጠውንማ ከየሱቁ እያስለቀምን ነው።»

የመጀመሪያው ቀን ደሴ ላይ አለቀ። ያረፍኩበት ክፍል የመስኮቱ መስታወት በጦርነቱ ረግፎ በላስቲክ ተተክቷል። ነፋስ ሲመጣ ላስቲኩ ወደ ውስጥ ይነፋል፣ ሲሄድ ይመለሳል፤ ክፍሉ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። የቤቱ ባለቤት ሳልጠይቃት ሁለተኛ ብርድ ልብስ ይዛ መጣችና «የደሴ ብርድ እንግዳ አይለይም» አለችኝ። ኮተቤም ይበርዳል፤ ግን የኮተቤ ብርድ እግር ይይዛል፣ የደሴው ጆሮ ውስጥ ይገባል።

በማግስቱ ጧት ሚኒባስ ይዤ ወደ ሐይቅ ወጣሁ። ዝናብ ጥሎ አባርቷል። መንገዱ ታጠፈና ውሃው ከታች ታየ። ከተማውም ሐይቅ፣ ውሃውም ሐይቅ፤ ስም ያወጣው ሰው ሌላ ቃል አላስፈለገውም። እኔ ሰፈር ብዙ ውሃ ማለት የሞላ በርሜል ነው። እዚህ ግን ዳር የሌለው ውሃ ጉም ለብሶ ተኝቷል፤ አንድ ታንኳ መሐሉ ላይ ቆሟል፤ ይሂድ ይምጣ አይታወቅም። ሾፌሩ «ጋሼ፣ ደርሰናል» ብሎ እስኪነካኝ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ አላውቅም ነበር።

ሰአዳ አጥሯ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጠን ያለች፣ እጅጌዋን የሰበሰበች። ስልክ ደውዬ ስለነበር ማን እንደሆንኩ ታውቃለች።

«ጋሼ፣ ቁጥጥር ነዎት ወይስ እንግዳ?»

«ሁለቱንም» አልኩ።

«እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ እንግዳ ይሁኑ። ቁጥጥሩ ምሳ በልቶ ይደርሳል።»

ደንባችን ከምንመረምረው ሰው ቤት መብላት ይከለክላል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ግን የሰአዳን እናት አያውቋቸውም። እማማ ዘይነባ ሰባውን ያለፉ ናቸው። ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ጠብሰው፣ በኮሰረት በተነጠረ ቅቤ የታሸ ጭኮ አስከትለው አቀረቡ። «በቃኝ» ስል «በሞቴ» ይሉኛል፤ እንደገና «በቃኝ» ስል «አፈር ስሆን» ይሉኛል። እንግዲህ አንድ አሮጊት ሁለት ጊዜ ሞተው እኔ ምን ልሁን! የምከሰውን ቅጠል በቅቤ አድርጌ በላሁት። ጣፋጭ ነበር፤ ይህንንም ለአለቃዬ አልደበቅኩትም።

ቤቱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ጦርነቱ ሲመጣ እናትና ልጅ ወደ አርዲቦ በኩል ሸሽተው፣ ከሰው ቤት ተጠግተው ሰነበቱ። ሲመለሱ አልጋውም፣ ድስቱም፣ በሩም የለም።

ሰአዳ «እኔ ከጂዳ ያመጣሁትን ሁሉ ትቼ እማየን ጎተትኳት» አለችኝ። «እሷ ግን አንዲት ጥቅል አልተወችም። ዱቄት መስሎኝ፣ ጣይው ብላት እንቢ። አርዲቦ ድረስ ወገቧ ላይ አስራት ሄደች።»

«ዱቄት ያልቃል» አሉ እማማ ዘይነባ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ዘራፊ ያልወሰደው አንድ ነገር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ጠጋ ብዬ ሳየው የእኛ መሥሪያ ቤት ወረቀት ነው፤ ለቅመማ ቅመም አምራቾች የወጣ የንጽሕና መመሪያ። ዳሩ ቢጫ ሆኗል። ሰአዳ ሥልጠና ላይ እንደተሰጣት፣ ከዚያ ወዲህ ከእሱ ዝንፍ እንዳላለች ነገረችኝ። ደረቴ ሰፋ። ያንን ወረቀት ያረቀቅኩት እኔ ነበርኩ፤ በየቢሮው መሳቢያ ውስጥ የቀረ ይመስለኝ ነበር። ይሉኝታ ይዞኝ ግን አልተናገርኩም።

ከምሳ በኋላ ቁጥጥሩ ደረሰ። ጓሮውን ዞርኩ፣ የጉድጓዱን ውሃ ቀዳሁ፣ አፈሩን በላስቲክ ቋጠርኩ። ቅጠሉ የሚሰጣበት ክፍል የእንጨት ቆጥ አለው፤ ቆጡ በዚያ ሰሞን ባዶ ነው፤ ታጥቦ ተፈግፍጎ የእኔን የምግብ ጠረጴዛ ያሳፍራል። የመርጫ ዕቃ ፈለግሁ፤ የለም።

«ለተባይ ምን ትረጫላችሁ?»

«ኮሰረትን?» ሰአዳ ሳቀች። «ተባይ ይሸሸዋል እንጂ እሱ ተባይ አያውቅም፣ ጋሼ።»

ማታ ፔንሲዮን እሄዳለሁ ስል እማማ ዘይነባ በሩ ላይ ተቀመጡ። አደርኩ። ቢንቢ አሳሬን አሳየኝ። ኮተቤ ቢንቢ የለም፤ ብርዱ ጨርሶታል። የሰው ቤት አድሮ ይህ ጎደለ ማለት ደግሞ ነውር ነውና ዝም ብዬ አከክሁ።

ሦስተኛው ቀን የአምባሰል ነበር። ሰአዳ ከቅጠሉ ግማሹን የምታመጣው ከውጫሌ በላይ፣ ተራራው ሥር ከሚኖሩ አቶ ደምሴ ከሚባሉ ገበሬ ነው። የዚያን ሳምንት አዝመራ ልትጭን ስለነበር አብረን ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ ማሲንቆ ተከፍቷል፤ ዜማው ያው የአገሩን ስም የያዘው ነው። አምባሰልን አዲስ አበባ ሆኜ ስሰማው ሁልጊዜ የሆነ ነገር የጠፋብኝ ይመስለኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አይነግረኝም። እዚያው ተራራው ፊት ስሰማው ነገሩ ገባኝ። ገደሉ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ይነሣል፣ መጨረሻው ጉም ውስጥ ነው። ከመንገዱ ዳር አንድ የተቃጠለ ታንክ ቆሟል፤ ላዩ ላይ በርበሬ ተሰጥቶበታል። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ሰአዳ በመስኮት እያየች ነገረችኝ። ጂዳ ዘጠኝ ዓመት በሰው ወጥ ቤት ሠርታለች። «ለውጥ ነው፣ አገር ቤት ግቡ» ሲባል ገባች። ያጠራቀመችው ሁሉ በኮሰረቱ ላይ ነው፤ ጦርነቱ ግማሹን ወሰደ፣ በቀረው እንደገና ጀመረች።

«ፈቃዱ ካልመጣ፣ ጋሼ፣ ቪዛው ተዘጋጅቷል። ተመልሼ መሄዴ ነው። እማየ አታውቅም። አይንገሯት፣ ወላሂ።»

«እሳቸውስ ማን ጋ ይቀራሉ?»

«እሱን እኮ ነው» አለችና ፊቷን መለሰች።

የእኔ እናት ስትሞት እኔ መስክ ላይ ነበርኩ፤ የሆነ ከተማ የበርበሬ ናሙና እየቋጠርኩ። ለሰአዳ አልነገርኳትም። ቦርሳዬን አቅፌ ተራራውን አየሁ።

ከውጫሌ ወዲያ በእግር ነው። ሩብ ሰዓት እንደወጣን የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገንጥሎ አፉን ከፈተ። አስፋልት የለመደ ጫማ ምን ያድርግ! አቶ ደምሴ ከሩቅ አይተው ወረዱ፤ ሽበታም፣ አጭር፣ ፈጣን ሰው ናቸው። ሰላምታ ሳይጨርሱ ቁጭ አድርገው ከዛፍ ልጥ ልጠው ጫማዬን ከእግሬ ጋር ጠፈሩት። «እስከ አዲስ አበባ ያደርስሃል» አሉኝ፤ እውነትም አደረሰኝ።

እርከናቸው ላይ ኮሰረቱ በነጠላ በነጠላ ቆሟል። ስለ መርጫ ጠየቅኋቸው።

«ኧረ ወዲያ! ለጤፉ ያጣሁትን ለቅጠል ከየት አመጣለሁ?»

ለራሳቸው ቤት የሚያደርቁትን አሳዩኝ፤ ሰፌድ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ምንም ሳይሸፈን። ዝንብ አርፎበታል፣ ጥቀርሻም ነክቶታል። የእኔ መመሪያ ቢያየው ይታመማል። ከዚያም ናሙና ወሰድኩ። ከዚያ እነሱ ቅጠሉን በጆንያ ሲሞሉ ዛፍ ሥር ጋደም አልኩ። የኮሰረቱ ሽታ ከበደኝ፤ ተኛሁ። በሕልሜ ሐይቁ ነጭ ጨርቅ ሆኖ ተዘርግቷል፤ እናቴ ከዳሩ ይዛ ታጥፈዋለች፤ «ከወዲያ በኩል ያዝልኝ» ትለኛለች፤ እኔ ወዲያኛውን ዳር እፈልጋለሁ፣ አላገኘውም። ስነሣ ፀሐይ ጋደል ብላለች፤ ሰአዳ ጆንያውን ተሸክማ ቆማ ታየኛለች። ባዶ እጄን እንደመጣሁ ገባት። በዓይኔ እስካየሁት ድረስ አፈሩም፣ ውሃውም፣ ገበሬውም ንጹሕ ናቸው። ከእሷ ቤት በቀር የቀረ ተጠርጣሪ የለም፤ የእሷ ቤት ደግሞ ከሁሉም ይጸዳል።

በአራተኛው ቀን ሰአዳ ገና በጧቱ ቅጠሉን አጥባ ጨረሰች። እኔ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ክንዴን አካለሁ። እማማ ዘይነባ ከአጠገቤ ቆመው ጉብ ጉብ ያሉትን እብጠቶች አዩ።

«ቢንቢ በላህ እንዴ፣ ልጄ? እስካሁን ምነው ዝም አልክ!»

አሁን ይሉኝታው ለቀቀኝ። «አጎበር የላችሁም እንዴ፣ እማማ?»

መልሱ የመጣው ከማድረቂያው ክፍል ነው።

«አለን እንጂ፣ ጋሼ! አጎበሩማ ለኮሰረቱ ነው።»

ሰአዳ ብቅ አለች። በሁለት እጇ ሰማያዊ አጎበር ዘርግታ ታራግፋለች። ከሽሽት ሲመለሱ እርዳታ የሚያከፋፍሉ ሰዎች የሰጧቸው ነው፤ በቤቱ ውስጥ አዲስ የሚባል ነገር እሱ ብቻ ነበር። ለራሷ አልጋ ልታደርገው አልጨከነችም። ግማሹን ቆጡ ላይ ታነጥፋለች፣ ቅጠሉን ትበትናለች፣ በግማሹ ትሸፍናለች።

ከድንጋዩ ተነሣሁ። «ሰአዳ፣ ቆዪ። እንዳታነጥፊው።»

አጎበሩ ክሩ ራሱ መድኃኒት የተነከረ መሆኑን፣ ቢንቢዋ ስትነካው የምትሞተው ለዚያ መሆኑን፣ ለሚተኛበት ሰው ደኅና ቢሆንም ለሚበላ ቅጠል አልጋ እንደማይሆን፣ እርጥብ ቅጠል ደግሞ ከእሱ ላይ እንደሚቀስም ነገርኳት። ቀስ ብዬ ነው የነገርኳት። ፊቷ ግን በአንድ ጊዜ ጠቆረ።

«እኔ ነኝ የመረዝኩት?»

«አላወቅሽም።»

«ወረቀቱ እኮ ነው ያለኝ!» አለችና እጄን ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝ። ግድግዳው ላይ ጣቷን አስቀመጠች። ተራ ቁጥር አራት፦ «ቅጠሉ ከዝንብና ከአቧራ በንጹሕ መረብ ተሸፍኖ ይድረቅ።»

ቃል በቃል አስታወስኩት። ሦስት ዓመት ሆነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ነበር፤ «መረብ» ብዬ ጻፍኩና ወደ ተራ ቁጥር አምስት ሄድኩ። ሐይቅ ዳር የምትኖር፣ ቤቷ የተዘረፈ ሴት መረብ ስትባል ምን እንደሚኖራት ለማሰብ አንድ ደቂቃ አልወሰድኩም።

«ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ሰአዳ ጣቷን ከግድግዳው አነሣች። ከዚያ በደንብ ተቆጣች፤ መቆጣትም ይገባታል። «እነዚያ» እያለች በር የወሰዱትን ረገመች። «እርስዎ ደግሞ» ብላ ጀመረችና እናቷን አይታ ተወችው። እኔ ብትጨርሰው ይሻለኝ ነበር።

እማማ ዘይነባ በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል።

«አብሽሪ፣ ሰአዳ። ወረቀቱን የጻፈው እዚህ ቆሟል፤ ምን ይሁን እንደሚል እንስማ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «በምን ይሸፈን?»

«ጥጥ ይሁን፣ እማማ። ነጭ፣ ሰፊ፣ ቀለምም መድኃኒትም ያልነካው፣ በደንብ የታጠበ።»

«ገበያ ያለው ሁሉ ናይለን ነው» አለች ሰአዳ። «ቅጠሉ ደግሞ ታጥቧል። እስከ ቀትር ካልተሰጣ ጠቁሮ ይበሰብሳል። ለአዲስ ናሙና የሚሆነው ደግሞ ይኸው ነው፤ እርስዎ ነገ ይሄዳሉ።»

እማማ ዘይነባ ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ ያቺን ከአርዲቦ ወገባቸው ላይ ታስራ የተመለሰች ጥቅል ይዘዋል። ፈቷት። ውስጧ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ነው፤ ያልተሰፋ፣ እጥፋቱ ያልተነካ።

ሰአዳ ጮኸች። «እማየ! ከፈንሽን?»

ያኔ ገባኝ። ሰአዳ ጂዳ ሳለች መካ ሄዳ፣ በዘምዘም ውሃ አጥባ ለእናቷ የላከችው መገነዣ ነው። እማማ ዘይነባ ቤት ንብረታቸውን ጥለው ሲሸሹ፣ መንገድ ላይ ቢሞቱ በቆሻሻ እንዳይቀበሩ ይዘውት የሄዱት እሱን ነው።

«ጨርቅ አይደለም እንዴ?» አሉ እማማ ዘይነባ። «በዘምዘም ያጠብሽው። ከዚህ እሚጸዳ ከየት ይመጣል?»

«አይሆንም! አላህ ምን ይለናል?»

«አላህ ሰው እንዳይመረዝ ብላ አበደረች ይላል። እኔ አልቸኩልም፣ ልጄ። ቅጠሉ ነው እሚቸኩል።» ከዚያም ጨርቁን ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ ከወዲያ በኩል ያዝልኝ።»

የትናንትናውን ሕልሜን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። የእናቴን ጨርቅ ያልያዝኩ ሰው የሰው እናት ጨርቅ ያዝኩ፤ ዳሩንም አገኘሁት። ሁለታችን ግማሹን ቆጡ ላይ አነጠፍን፣ ሰአዳ እያለቀሰች ቅጠሉን በተነች፣ በግማሹ ሸፈንን። እኔም አለቀስኩ፤ ኮሰረቱ ዓይኔን ነካው አልኩ እንጂ።

ከሰዓት በኋላ በአጎበሩ ላይ የደረቀውን፣ የታሸገውን ሁሉ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ሰአዳ ራሷ አፈር መለሰች። አጎበሩን እማማ ዘይነባ አልጋ ላይ ሰቀልኩት፤ ሥሩ ቁጭ ብለው «እንደ ሙሽራ አደረጋችሁኝ» እያሉ ሳቁ።

በአምስተኛው ቀን ያንን ቅጠል፣ ደርቆ ያላለቀውን፣ በናሙና ላስቲክ ይዤ ተሳፈርኩ። ሰአዳ ስትሸኘኝ ስለ ቪዛው አላነሣችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። «ውጤቱን ቶሎ ይንገሩኝ» ብቻ አለች። እማማ ዘይነባ ጭኮ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ደንቡን እንደገና ጣስኩ። ያን ቀን ከሐይቅ እስከ ኮተቤ አንድም ጊዜ አልተኛሁም። ሐረጎን ስንወርድ አየሁት፤ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ጣርማበርን አየሁ። ለካ አገሩ ረጅም ነው። ልጥ የታሰረ ጫማዬን ሚስቴ በር ላይ ስታየው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እስከ ዛሬ አልጣለችውም።

ሪፖርቴ ላይ «ምክንያት» በሚለው ቦታ «የመሥሪያ ቤታችን መመሪያ፣ ተራ ቁጥር አራት፤ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ደስ አላለውም፤ ተግሣጽ ደረሰኝ፣ ተቀበልኩት። መመሪያው ግን ተቀየረ። የአምባሰሉም፣ በነጩ ጨርቅ የደረቀውም ናሙና ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ለሰአዳ ስደውል ስልኩ ውስጥ እልልታ ሰማሁ፤ ድምፁ የእሷ አልነበረም፣ የአሮጊት ነበር።

የቀረው የፈቃድ ቅጹን መሙላት ነበር። የሽፋን ዓይነት፦ «ነጭ የጥጥ ጨርቅ።» የሽፋኑ ንጽሕና፦ «እጅግ ንጹሕ።» ከዚያ በታች «ሽፋኑ የሚቀየርበት ጊዜ» የሚል ሳጥን አለ። ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ሰአዳ ሌላ ጨርቅ ልትገዛ እንደተነሣች፣ እናቷ «እስክፈልገው ድረስ ይሠራበት» ብለው እንደከለከሏት ነግራኛለች። ያንን ሳጥን ባዶ መተው አይቻልም።

«ገና ነው» ብዬ ጻፍኩበት።